የሽንኩርት ጆንያ መረብ

ሰኞ

«ቲቸር ሶስና፣ ለልጆቹ የምታስተምሪያቸው ሒሳብ ነው ወይስ ሩጫ?» አሉኝ ዳይሬክተራችን አቶ ግርማ፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ። እየሳቁ ነው ያሉኝ። አቶ ግርማ ሲስቁ ነገር አለ ማለት ነው።

ነገርም ነበር። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር አቶ ጀማል ቅዳሜ መጥተው አመልክተዋል። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የሚያከፋፍሉ፣ ድምፃቸው ከሚዛናቸው የሚከብድ ሰው ናቸው። «የስምንተኛ ክፍል ፈተና በር ላይ ቆሞ ልጄ ፀሐይ ላይ ኳስ ስትለቅም ትውላለች» ብለዋል። እናም ሐሙስ በአሥር ሰዓት ኮሚቴው መጥቶ የሜዳዬን ትምህርት በዓይኑ ያያል። ከወደደው እቀጥላለሁ። ካልወደደው ሜዳው ይዘጋል፤ የአቶ ጀማል ልጅ ሱመያም ከኔ ክፍል ወጥታ ወደ ስምንተኛ ሀ ትዛወራለች።

ሜዳውን ይዝጉት፣ እሺ። ሱመያን ግን አልሰጥም!

ንዴቴ ሳይበርድ ለምን እንደሆነ ልጻፈው። ሱመያ የመጀመሪያውን ሴሚስተር በሙሉ በኔ ክፍለ ጊዜ ትንፍሽ አላለችም። ስጠይቃት መሬት ታያለች። የፈተና ወረቀቷን ስሰጣት ውጤቱን ሳታይ አጥፋ ደብተሯ ውስጥ ትሸጉጠዋለች። ከዚያ ነው ይህ የቴኒስ እብደት የመጣብኝ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ የተሰበረ ዴስክ የሚቆለልበት አሮጌ የሲሚንቶ ሜዳ አለ። ከልጆቹ ጋር አጸዳነው። አባቴ የባቡር ሠራተኛ ሳለ ይጫወትባቸው የነበሩትን አራት ራኬቶች ከአልጋው ሥር ጎትቼ አወጣሁ። መስመሩን በኖራ አሰመርን። ኳስ እያነጠርን መለካት፣ ማካፈል፣ በመቶኛ ማስላት ጀመርን።

ባለፈው ሳምንት ሱመያ እጇን አወጣች። ራሷን የምታክ መስሎኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ኳሷን ከላይ ስንለቃት ለምን እዚያው ድረስ አትመለስም? የቀረው የት ሄደ?»

የቀረው የት ሄደ! የፊዚክስ ግማሹ እኮ ይሄው ጥያቄ ነው። ወደ ቤት ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ብቻዬን እስቅ ነበር፤ ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «አቦ፣ ምን አግኝተሽ ነው?» አለኝ። እንግዲህ ይህችን ልጅ ነው ከሰሌዳ ወደ ደብተር ብቻ ወደሚገለበጥበት ክፍል የሚወስዱብኝ።

አባቴ ሰምቶ «ተረጋጊ፣ ኳስ እንደሆነ አይዋሽም» አለኝ። እሱ ምን አለበት። ኮሚቴ ፊት የሚቆመው እሱ አይደለም።

ማክሰኞ

የዛሬውን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ልጻፈው፣ ልጻፈው!

ድሬ ውስጥ ቁም ነገር የሚሠራው በጠዋት ነው። ሜዳው ገና ለእግር ይመች ነበር። ልጆቹን በቡድን ከፋፍዬ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ሴንቲሜትሩን አሰመርን። አንዱ ዴስክ ላይ ቆሞ ከሁለት ሜትር ኳስ ይለቃል፣ አንዱ ተንበርክኮ የነጠረችበትን ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። የቀረው ይጨቃጨቃል።

መቶ አሥር። እንደገና፣ መቶ ስምንት። እንደገና፣ መቶ አሥራ አንድ። አምስቱም ቡድን እዚያው እዚያው ነው። አማካዩን አወጡ፣ በመቶኛ አደረጉት፤ ሃምሳ አምስት። ኳሷ ከተለቀቀችበት ከፍታ ሃምሳ አምስት በመቶውን ትመለሳለች።

«አሁን ሳትለቁ ንገሩኝ። ሁለተኛ ስትነጥር የት ትደርሳለች?» አልኩ።

ብሩክ፣ የክፍሉ ቀልደኛ፣ «ቲቸር፣ ራሷን ብንጠይቃትስ?» አለ። ሳይጠየቅ መመለስ ልማዱ ነው። ልቆጣው ስል ሱመያን አየኋት። ሜዳው ላይ ቁጢጥ ብላ በጠመኔ ቁራጭ ታባዛለች። መቶ አሥርን በሃምሳ አምስት በመቶ።

«ስልሳ» አለች። ለኔ አይደለም፣ ለጠመኔው ነው የነገረችው።

ለቀቅናት። አንድ ጊዜ ነጠረች። ሁለተኛ ነጠረች። ተንበርካኪው ልጅ «ስልሳ!» ብሎ ሲጮህ ክፍሉ በሙሉ ጎል የገባ ያህል ዘለለ። ከስምንተኛ ሀ መስኮት ራሶች ብቅ ብቅ አሉ። የስምንተኛ ሀ መምህር መስኮቱን ዘጋ። በዚህ ሙቀት መስኮት መዝጋት! ይበለው።

ሱመያ አልዘለለችም። ቁጢጥ እንዳለች ስልሳን በሃምሳ አምስት በመቶ ማባዛት ጀምራ ነበር። ሦስተኛዋን።

ሌላ ድል፦ መረብ አለን! እስከ ትናንት ገመድ ነበር የምንዘረጋው፤ ኳስ ከሥር ይለፍ ከላይ ይለፍ ሁልጊዜ ጠብ ነው። ዛሬ ሱመያና ጓደኞቿ ያንን ቀዩን፣ ወንፊት የሚመስለውን የሽንኩርት ጆንያ ጫፍ ለጫፍ ሰፍተው ይዘው መጡ። ከምሰሶ ምሰሶ የሚደርስ ሙሉ መረብ። ትንሽ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል።

«ከየት አመጣችሁት?» ስል ሱመያ ወደ ሰማይ አየች። እኔም ወደ ሰማይ አየሁ። አባቷ ምን እንደሚነግዱ አውቃለሁ፤ ግን ያላየ አይመሰክርም።

ረቡዕ

ለነገ ያሰብኩት እንዲህ ነው። መጀመሪያ ኳስ ማንጠር፤ ያ አይከዳኝም። ውጤቱን አስቀድሜ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ከዚያ ልጆቹ ይለቃሉ፣ ወላጆቹ አፋቸውን ይይዛሉ። ቀጥሎ ፓይታጎረስ። ከዚያ ጥያቄ ካላቸው ጥያቄ። የማልፈልገው፦ ብሩክ እንዲናገር።

ፓይታጎረስን ዛሬ ሞከርነው። ተጫዋች ለምን አብዛኛውን ጊዜ ኳሱን በሰያፍ ይመታል ብዬ ጠየቅኩ። «ባላጋራውን ለማስሮጥ» አሉ። ሌላስ? የሜዳውን ቁመትና ወርድ ለኩ፣ እያንዳንዱን በራሱ አባዙ፣ ደመሩ፣ ሥሩን አወጡ፤ ሃያ አምስት ሜትር ከትንሽ። ከዚያ ሲባጎ ይዘው ከጥግ እስከ ጥግ ዘረጉና ለኩት። ሃያ አምስት ሜትር ከትንሽ! አንዷ ልጅ «እንዴ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለች። እስከ ዛሬ ፓይታጎረስን እኔ ለፈተና የፈጠርኩት ይመስላት ነበር ማለት ነው። በሰያፍ መንገዱ ይረዝማል፣ መረቡም መሐሉ ላይ ዝቅ ይላል፤ ስለዚህ ኳሷ ሳትወጣ ለመውደቅ ሰፊ ቦታ አላት። ይህንን ራሳቸው ደረሱበት። እኔ ዝም ብዬ ላቤን ስጠርግ ነበር።

የተበሳጨሁበት፦ ብሩክ ትናንት አንዷን ኳስ የጥበቃው ቤት ቆርቆሮ ላይ ሰቅሏት ነበር። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውላ ዛሬ ስትወርድ ጠጉሯ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ተነስቷል። ያሉን ኳሶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው! ጥበቃችን ጋሽ ኡመር ላይ ጮህኩባቸው። ሰውየው ምን አጠፉ? ምንም። ኳሶቹን ማታ ማታ የሚያስቀምጡልን እሳቸው ስለሆኑ ብቻ ነው።

«ጋሽ ኡመር፣ ሙቀት ያበላሻቸዋል! ከዛሬ ጀምሮ ቀዝቃዛ ቦታ ይደሩልኝ፣ እባክዎ!»

«ኢንተለ ቲያ፣ አታስቢ» አሉኝ። ልጄ ማለታቸው ነው፤ ሲያዝኑልኝ ኦሮምኛቸው ይቀድማል። «እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃቸው። ነገ ራሴ አመጣልሻለሁ።»

ሱመያ አንዷን ኳስ ለመለማመድ ቤት ልውሰዳት ብላ ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። አባቷ ቢያዩባት ምን እንደሚሉ ያሰብኩት ከሄደች በኋላ ነው።

ሐሙስ፣ ጠዋት

ቁም ሣጥኑ ፊት ቆሜያለሁ። ሰማያዊውን ቀሚስ ልልበስ ወይስ ሱሪ? ሱሪ ከለበስኩ ስፖርት አስተማሪ እመስላለሁ። ቀሚስ ከለበስኩ መንበርከክ አልችልም። አባቴ ከበረንዳው ሆኖ «ሱሪ ልበሽ፤ ከወደቅሽ ለመነሳት ይመቻል» አለኝ። የሚያጽናና አባት ነው የሰጠኝ።

ሱሪ ለበስኩ።

ሐሙስ፣ ማታ

ከመጀመሪያው ልጀምር፣ ካልሆነ አምታታዋለሁ።

በአሥር ሰዓት ኮሚቴው መጣ። አቶ ጀማል ከፊት፣ ሁለት እናቶችና አንድ ጋራዥ ያላቸው አባት ከኋላ፣ አቶ ግርማ በሁሉም መካከል። በግድግዳው ጥላ ወንበር ደርድረንላቸው ነበር። አቶ ጀማል ግን አልተቀመጡም። ቀጥ ብለው ወደ መረቡ ሄዱ። ዳሰሱት። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከዚያ ዞረው ልጃቸውን አዩዋት።

«ይሄ ጆንያ የኔ ነው።»



«ባዶ ነበር፣ አባ» አለች ሱመያ።

«ባዶ መሆኑንማ አየሁ» አሉና መጥተው ተቀመጡ።

ጥሩ አጀማመር አይደለም። እኔ ግን ተማምኛለሁ! አወዳደቄን ለማሳመር ይመስል ሰሌዳው ላይ በትልቁ 110 ብዬ ጻፍኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ «ሳይንስ ማለት ነገሩ ከመሆኑ በፊት መናገር መቻል ነው» አልኩ። «ኳሷ ከሁለት ሜትር ትለቀቃለች፣ መቶ አሥር ላይ ትደርሳለች። ጥንቆላ አይደለም፣ ሒሳብ ነው።» አሁን ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ጋሽ ኡመር ኳሶቹን በፌስታል ይዘው መጡ። ብሩክ ተቀበላቸውና አንዷን አውጥቶ ጉንጩ ላይ ለጠፋት፣ ዓይኑንም ጨፈነ። ሊያስቀን ነው ብዬ ገላመጥኩት። ቶሎ አወረዳትና ዴስኩ ላይ ወጣ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ያኔ ምንም አልገባኝም።

ለቀቃት።

ኳሷ ዱፍ አለች። ሰማንያ።

«እንደገና» አልኩ። ሰማንያ ሁለት። «ሌላ ኳስ!» ሰባ ዘጠኝ። ሌላ። ሰማንያ። ሰሌዳው ላይ 110 ያለው ቁጥር እያደገ የሚሄድ መሰለኝ። ላቤ በጀርባዬ ወረደ። ብሩክ ከዴስኩ ጎንበስ ብሎ «ቲቸር፣ መቶ አሥር ናት ልበል?» ብሎ ሾከሾከልኝ።

«እንዳትል!»

አቶ ጀማል እጃቸውን አጣጥፈው «ቲቸር፣ ኳሷ ትምህርቱን አላጠናችም መሰለኝ» አሉ። ኮሚቴው ሳቀ። አቶ ግርማም ሳቁ፣ ያንን የማውቀውን ሳቃቸውን። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «ለምን እንደሆነ አላውቅም» አልኩ። ሌላ ምን ልበል?

«ቲቸር።»

ሱመያ ናት። እጇን አውጥታለች፣ በአባቷ ፊት። «እኔ ጋ ያለችውን እንሞክራት?»

ትናንት ቤት የወሰደቻትን ኳስ ከቦርሳዋ አወጣች። ብሩክ ለቀቃት። ጧ! መቶ አሥራ ሁለት።

ልጆቹ ተንጫጩ። ሱመያ ግን አልሰማቻቸውም። ጣቷን እያጠፈች በዝግታ «ግድግዳው ያው ነው። ሜዳው ያው ነው። ከፍታውም ያው ነው። የሚለቀውም ብሩክ ነው» አለች። «እንግዲያ የተለየችው ኳሷ ናት።» ሄዳ ከፌስታሉ አንዷን አነሳች፣ የራሷን በሌላ እጇ ያዘች። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት።

«ቀዝቃዛ ናት! ወላሂ፣ በረዶ ናት!»

«እኔስ ለዚያ አይደል ፊቴ ላይ ያደረግኳት!» አለ ብሩክ። ልጁ አውቆ ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

ሁላችንም አንድ ላይ ወደ ጋሽ ኡመር ዞርን። ጋሽ ኡመር ኮፍያቸውን አወለቁ።

«ማሎ፣ እባካችሁ፣ ምን አጠፋሁ? እሷ ራሷ ሙቀት ያበላሻቸዋል፣ ቀዝቃዛ ቦታ ይደሩ አለች። ድሬ ውስጥ ከኔ በረዶ ሳጥን የቀዘቀዘ ቦታ የት አለ? የምሸጠውን ውሃ አውጥቼ በፌስታል ጠቅልዬ በረዶው መሐል አስተኛኋቸው። በረዶው ሲያልቅ ሌላ ጨመርኩ። ውሃው ሞቆብኝ ዛሬ የሞቀ ነው የጠጣሁት!»

መጀመሪያ የሳቁት እናቶቹ ናቸው። ከዚያ ሁሉም። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። ሌላ አገር «ቀዝቃዛ ቦታ» ማለት ጥላ ነው። እዚህ የምናውቀው ቅዝቃዜ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም ሳጥን ውስጥ ነው። እንዴት ይህን ሳላስብ ተናገርኩ?

ከዚያ በኋላ ያቀድኩት ሁሉ ቀረ፤ የተሻለው መጣ። «ለምን ይመስላችኋል ስትቀዘቅዝ የደከመችው?» ብዬ ጠየቅኩ። ውስጧ ያለው አየር ይጨማደዳል አለ አንዱ። ጎማዋ ይደርቃል አለች ሌላዋ። ባለ ጋራዡ አባት እንኳ እጃቸውን አወጡ፣ እውነቴን ነው፣ እንደ ተማሪ! «የባጃጅ ጎማም በቀትር ይወጠራል» አሉ።

«እንግዲያ ሲሚንቶው ላይ እናሙቃት» አለች ሱመያ። «ያቺው ኳስ ሞቃ ከፍ ካለች ምክንያቱ ሙቀቱ ነው ማለት ነው።» የነገርኳት እኔ አይደለሁም። ማንም አልነገራትም።

ኳሶቹን ፀሐይ በሚመታው ጥግ ደረደርን። እስኪሞቁ ድረስ ሰያፉን በሲባጎ ለካን። ነገር ግን ፓይታጎረስን ያየው የለም፤ ሁሉም ዓይን ኳሶቹ ላይ ነው። ወላጆቹ መገመት ጀመሩ። «ዘጠና» አሉ አንዷ እናት። «ዘጠና አምስት።» አቶ ጀማል «መቶ አትደርስም!» አሉ፤ በሽንኩርት ገበያ ድምፃቸው።

ሲሞቁ ብሩክ ዴስኩ ላይ ወጣ። አቶ ጀማል ከወንበራቸው ተነስተው ግድግዳው ሥር መጡ። የሚያነበውን ልጅ ገለል አድርገው ራሳቸው ቆሙ።

«አባ፣ ከላይ ሆነህ አይታይም። ዓይንህ ከመስመሩ እኩል መሆን አለበት። ተንበርከክ» አለች ሱመያ።

ተንበረከኩ! አቶ ጀማል፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር፣ በነጭ ሱሪያቸው ኖራ ላይ ተንበረከኩ።

ኳሷ ጧ አለች።

«መቶ አሥራ ስድስት!» ብለው ጮኹ። ከማንም በፊት የጮኹት እሳቸው ናቸው። ከዚያ ሰው እንደሚያያቸው ትዝ አላቸውና ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉ።

ሲሄዱ ግን እሺም እምቢም አላሉኝም። ልጃቸውን «የጆንያውን ነገር ቤት እንነጋገራለን» አሏት። አቶ ግርማ ደግሞ «እናሳውቅሻለን» አሉ። ይህቺን ቃል እጠላታለሁ።

ዓርብ

ምንም የለም። ጠዋት አቶ ግርማ ቢሮ በር ላይ ሦስት ጊዜ አለፍኩ። በሦስተኛው «ሶስና፣ እግርሽን አሞሻል?» አሉኝ።

ሱመያ ዛሬ አልመጣችም። ጓደኞቿ የት እንደሆነች አያውቁም። ቤት ቀጧት ይሆን? ጆንያ ነው እኮ፣ ያውም ባዶ! ወይስ ከአሁኑ አዛውረዋት ነው? እረፍት ላይ የስምንተኛ ሀን ክፍል በመስኮት ቃኘሁ። እዚያም የለችም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ ትንሽ አጽናናኝ።

ከሰዓት ኮሚቴው ከጁምዓ በኋላ ይነጋገራል አሉ። ከተማው ጫቱን ይዞ በርጫ ላይ በተቀመጠበት ሰዓት እኔ ፈተና አርማለሁ። አንዱን ወረቀት ሁለቴ አርሜ ሁለት የተለያየ ውጤት ሰጠሁት። ተውኩት።

ጋሽ ኡመር ሲያዩኝ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ጠጋ ብዬ «ጋሽ ኡመር፣ እርስዎ ባይኖሩ ትምህርቱ እንዲያ አይሆንም ነበር» አልኳቸው። የምቀልድ መሰላቸው። እውነቴን ነው።

ቅዳሜ

ቅዳሜ ጠዋት ለስምንተኛ ክፍል ማጠናከሪያ አለን። ገና በሩ ሳይከፈት አንድ ባጃጅ ቀይ ነገር ጭኖ መጣ። ሹፌሩ ከጭነቱ የተነሳ አይታይም። የተጫነው የሽንኩርት ጆንያ ነው፣ አዲስ፣ ገና ያልተፈታ እስር። ከጭነቱ መሐል ሱመያ ወጣች።

«ዓርብ የት ሄደሽ ነው?» ጮህኩባት መሰለኝ።

«አያቴ አሟት መልካ ጀብዱ ሄደን ነው፤ አሁን ተሽሏታል» አለችኝ። ይኸው ነው። እኔ በእሷ ምክንያት አንድ ወረቀት ሁለቴ አርማለሁ!

«ይሄስ?»

«አባ ነው። መረቡ ዝቅ ያለ ነው፣ መሐሉም ተንጠልጥሏል፣ ስማችንን ያሰድባል አለ። ለሌሎቹም ክፍሎች ይበቃል ብሏል።»

ለሌሎቹም ክፍሎች! ሮጬ አቶ ግርማ ቢሮ ገባሁ። አዎ፣ ትናንት ማታ ተስማምተዋል። የሜዳው ትምህርት እስከ ፈተናው ይቀጥላል፣ በጠዋት ብቻ፣ ፀሐይ ሳይበረታ። ሱመያ ከኔ ጋር ትቆያለች። ግን አቶ ጀማል አንድ ቃል አስረውበታል። የሰኞው የሒሳብ ፈተና ውጤቷ ካልተሻለ ራሳቸው መጥተው ይወስዷታል። «ይህን በሳቅ አልተናገረም» አሉኝ አቶ ግርማ። እሳቸውም አልሳቁም። ስለዚህ ሰላም ነው።

ከማጠናከሪያው በኋላ ሱመያ ወደ ኋላ ቀረት አለች። ጆንያዎቹን ከጋሽ ኡመር ጋር አስገባን። እስሩን እየፈታች ሳለ በራሷ ጀመረችልኝ። ይህች ልጅ በራሷ ጀመረች!

«ቲቸር፣ አባ ትናንት ራት ላይ ምን ብሎ እንደጠየቀኝ ታውቂያለሽ?»

«ምን አለሽ?»

«ከሁለት ሜትር ተለቃ መቶ አሥር ብቻ ከተመለሰች የቀረው የት ሄደ? አለኝ።»

እስሩን የያዝኩበት እጄ ቆመ። «አንቺስ ምን አልሽው?»

«ከሲሚንቶው ጋር ስትላተም ትሞቃለች፣ ድምፅም ታሰማለች፣ የቀረው ወደዚያ ሄዷል አልኩት። ጠፍቶ የጠፋ የለም አልኩት።»

«እሱስ?»

ሱመያ ሳቀች። ስትስቅ ጥርሷ እንደሚታይ አላውቅም ነበር።

«ትንሽ አሰበና፣ 'ኦ፣ ድሬ እንዲህ የምትሞቀው ለዚህ ነዋ!' አለ።»

ሁለታችንም ጆንያው ላይ ተቀምጠን ሳቅን። ጋሽ ኡመር ከበሩ ሆነው ምን እንደሚያስቀን ጠየቁ፤ ስንነግራቸው እሳቸው አልሳቁም። «እውነቱን ነው» አሉ።

ሰኞ ፈተና አላት። ስንት እንደምታመጣ መገመት እችላለሁ፤ ቁጥሩም ልቤ ውስጥ አለ። ግን እዚህ አልጽፈውም። ከሐሙስ ወዲህ ትንቢት ትቻለሁ።